አባዬ ጭንቅላቱ ውስጥ ኤሌክትሮድ ይግባለት ወይስ ይቅር? (መልሶቹን በቁጥር ሰብስቤያቸዋለሁ)

ክሩ በጣም ስለረዘመና አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉ ያንኑ ጥያቄ መልሶ ስለሚጠይቅ፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን ከላይ ትቼ ከስር የመጣውን መልስ በራሴ አፍ እያሳጠርኩ በየቁጥሩ አስቀምጬዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፣ ስድቡንም አብዛኛውን ዘልዬዋለሁ።

ጥያቄዬ ይሄ ነበር። አባዬ 66 ዓመቱ ነው፣ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ዕድሜ ልኩን ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ነው። ፓርኪንሰን ነው ከተባለ 9 ዓመት ሆኖታል። ሌቮዶፓውን (ሲንዶፓ የሚባለውን) መጀመሪያ በቀን ሦስቴ ነበር የሚወስደው፣ አሁን ስድስቴ ደርሷል። ሲሰራለት ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የሰፈር ልጆች ሱሪ ያሳጥራል፣ እማዬን ይነዘንዛል፣ በቃ ደህና ሰው ነው። ሲያልቅበት ግን መርፌውን ይዞ እንደተቀመጠ ድርቅ ይልና የሚቀጥለው ክኒን እስኪገባ ከወንበሩ መነሳት ያቅተዋል። ክኒኑ በደንብ በገባ ሰዓት ደግሞ ትከሻውና አንገቱ ያለ ፈቃዱ ይወራጫል፣ አንድ ጎረቤታችን እስክስታውን አመጣኸው እያለ ይቀልድበታል፣ አባዬ አብሮ ይስቃል ግን በር ላይ መቀመጥ ትቷል። ወንድሜ ህንድ ወስደን ዲቢኤስ እናስደርግለት ይላል፣ ማለትም ጭንቅላት ውስጥ ቀጭን ሽቦ ገብቶ ደረት ላይ ከሚቀበር ባትሪ ኤሌክትሪክ የሚላክበት ነገር። እማዬ በህይወት እያለሁ ጭንቅላቱን አይበሱትም ብላለች። እኔ ሜሪላንድ ሆኜ ስልክ ላይ ሁለቱን አስታርቃለሁ። ይሰራል ወይ፣ ያድነዋል ወይ፣ ቤተሰቡ ያስደረገ ካለ ምን አያችሁ ብዬ ጠየቅኩ።

ቁጥር 1 ዳላስ ያለች ነርስ ናት፣ የምትሰራው የነርቭ ክፍል ነው። እግዜር ይማርልሽ ብላ በቀጥታ የገባችው ክኒኑ ላይ ነው፣ ስለ ማሽኑ ከመነጋገራችን በፊት ሌቮዶፓው ራሱ ለአባዬ ምን ያህል እንደሚሰራለት በደንብ እንዲለካ ነው የመከረችኝ። ፈተና አለው አለች። ሰውየው ማታ የመጨረሻውን ከወሰደ በኋላ 12 ሰዓት ያህል ሳይወስድ ጠዋት ይመጣል፣ ሐኪሙ ሁለቱን ጣት እያጋጨ መታ መታ ያስደርገዋል፣ እጅ ጨብጦ መፍታት፣ ከወንበር መነሳት፣ ኮሪደሩን ሄዶ መመለስ፣ ለሁሉም ነጥብ ይያዝለታል፣ ከዛ ክኒኑን ይሰጡትና ሲሰራለት ያው ፈተና ይደገማል። ልዩነቱ ከመቶ 30 በታች ከሆነ አብዛኛው ማዕከል ለኦፕራሲዮኑ አይመርጠውም። ምክንያቱም ማሽኑ የሚሞክረው ክኒኑ በጥሩ ሰዓቱ የሚሰጠውን ቀኑን ሙሉ ማዳረስ ነው፣ ክኒኑ የማይነካውን ችግር ማሽኑም አይነካውም። መንቀጥቀጥ ብቻ ነው ከዚህ ህግ የሚወጣው፣ እሱ ክኒን እምቢ ብሎ እንኳን በዲቢኤስ ሊቆም ይችላል። ደግሞ በቀን አምስት ጊዜና ከዛ በላይ ክኒን፣ ሁለት ሰዓትና ከዛ በላይ መድረቅ፣ አንድ ሰዓትና ከዛ በላይ መወራጨት፣ ከሦስቱ አንዱ እንኳን ካለ ጊዜ ሳይሰጡ ለስፔሻሊስት ማሳየት ነው አለች። አባዬ ላይ ሦስቱም አሉ።

ቁጥር 2 አጭር ነው፣ ጸበል ውሰዱት፣ መድኃኒቱንም አቁሙለት የሚል። ቁጥር 3 እኛ ላይ ሙከራ ሊሰሩብን ነው ብሎ ገባ፣ ይሄ ነገር ትናንት የመጣ ነው፣ የሰው ጭንቅላት መብራት ኃይል አይደለም፣ ኩባንያዎቹ ባትሪ ሊሸጡ ነው። ይሄ ሰው ኋላም ስለሚመለስ ቁጥሩን ያዙት።

ቁጥር 4 ረጅም ነው፣ እኔ ከክሩ ሁሉ ይሄን ነው ሁለቴ ያነበብኩት። ለቁጥር 2 በአንድ መስመር መልሷል፣ ሌቮዶፓ በአንድ ጊዜ ቢቋረጥ ሰውነት ተገትሮ ትኩሳት ወጥቶ ሰው እስከ መሞት ሊደርስ ይችላል፣ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው በኤችአይቪው ጊዜ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ውሰዱ ብለው ነበር። ከዛ ቁጥር 3ን ያዘው። ዲቢኤስ ትናንት አልመጣም፣ 1987 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፣ ፈረንሳይ ግሬኖብል ውስጥ። ከዛ በፊት ሐኪሞች ለመንቀጥቀጥ የሚያደርጉት ታላመስ የሚባለውን የአንጎል ክፍል በትንሹ ማቃጠል ነበር፣ ከማቃጠላቸው በፊት ደግሞ ቦታው ትክክል መሆኑን ለማየት ትንሽ ኤሌክትሪክ ይለቁበታል። አሊም ሉዊ ቤናቢድ የተባለው ቀዶ ሐኪም (ፊዚክስም የተማረ ነው) ኤሌክትሪኩን በሰከንድ ወደ 100 ጊዜ ሲያደርሰው የሰውየው እጅ ጸጥ ሲል አየ፣ ሲያጠፋው ተመለሰ። እንግዲህ ማብራትና ማጥፋት ከተቻለ ማቃጠል ለምን አስፈለገ ብሎ ፒየር ፖላክ ከተባለው የነርቭ ሐኪም ጋር ሽቦውን እዛው መተው ጀመሩ። አሜሪካ ውስጥ ለመንቀጥቀጥ በ1997፣ ለፓርኪንሰን በአጠቃላይ በ2002 ተፈቅዷል፣ ሜዲኬርም (የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን) ከ2003 ጀምሮ ይከፍላል።

ይሄው ሰውዬ የጨመረው ታሪክ ደግሞ ፊልም ነው። በ1982 ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤት የተሰራ ሄሮይን የወሰዱ ወጣቶች በቀናት ውስጥ እንደ ፓርኪንሰን በሽተኛ ደርቀው ሆስፒታል ገቡ። ዕጹ ውስጥ ኤምፒቲፒ የሚባል መርዝ ተገኘ፣ ለካስ ዶፓሚን (ሰውነት ለመንቀሳቀስ የሚፈልገውን የአንጎል ኬሚካል) የሚሰሩትን ሴሎች የሚገድል ነው። ያ መርዝ ዝንጀሮ ላይ በሽታውን አስመስሎ ለማምጣት ስለጠቀመ፣ ማሎን ዴሎንግና ባልደረቦቹ ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ የምትባለው ትንሽ ክፍል በፓርኪንሰን ከመጠን በላይ እንደምትጮህ፣ እሷን ዝም ሲያሰኟት ዝንጀሮዎቹ እንደሚንቀሳቀሱ በ1990 አሳዩ። ግሬኖብሎቹ ሽቦውን ወደዛ ወሰዱት። ሁለቱ ሰዎች፣ ቤናቢድና ዴሎንግ፣ በ2014 ላስከር የሚባለውን ትልቅ የህክምና ሽልማት አብረው ወሰዱ። ዛሬ ለፓርኪንሰን በብዛት የሚመረጡት ቦታዎች ሰብታላሚክ ኒውክሊየስና ግሎበስ ፓሊደስ የሚባለው ናቸው፣ ታላመሱ ለመንቀጥቀጥ ብቻ ቀርቷል።

ቁጥር 5 ጀርመን የሚኖር ልጅ ነው፣ እናቱን እዛው አስደርጓቸዋል። እማማ ጀርመንኛ አይችሉም፣ ኦፕራሲዮኑ ደግሞ ነቅተው ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ እሱን ማስክና ጋውን አልብሰው አስገቡት። ጭንቅላታቸው ዙሪያ ብረት ፍሬም በብሎን ታስሯል፣ ቆዳው ደንዝዟል፣ አንጎል ራሱ ህመም አይሰማውም። ግንባራቸው በላይ በኩል ቀዳዳው ሲበሳ ድምፁ ነው ያስደነገጣቸው እንጂ አላመማቸውም፣ የእሱን እጅ ግን አልለቀቁም ነበር። ከዛ ቀጭኗ መርፌ እየወረደች የአንጎሉ ድምፅ በስፒከር ይሰማል፣ ሽሽ ሽሽ ይልና ቦታው ላይ ሲደርስ እንደ ዝናብ ይበዛል። ኤሌክትሪኩን እየጨመሩ እማማን አስወሩልን አሉት፣ ምን ላስወራቸው ብሎ ፊደል ቁጠሪ አላቸው። ሀ ሁ ሂ ብለው ጀምረው ደህና ሲሄዱ ቆይተው ቀ ላይ ሲደርሱ ምላሳቸው ተሳሰረ፣ ልጁ ለሐኪሙ ነገረው፣ ሐኪሙ ኃይሉን ቀነስ አድርጎ ሽቦውን በሚሊሜትር ወደ ጎን ወሰደው፣ እማማ ከቀ ቀጥለው እስከ ፐ ጨረሱ። የቀኝ እጃቸው አንጓ እዛው ጠረጴዛው ላይ ሲላላ በዓይኑ አይቷል። ይሄን ለእማዬ በስልክ አነበብኩላት፣ ዝም ብላ ሰምታ ጸጉሯን ሙሉውን ላጯት እንዴ አለች።

ቁጥር 6 ያንኑ ነው የጠየቀችው፣ ሹሩባዬስ የሚል ጥያቄ። ቁጥር 5 እንደመለሰው እናቱን የላጩት ቀዳዳው አካባቢ ብቻ ነው። ቁጥር 7 ደግሞ አሁን ብዙ ቦታ ሙሉ በሙሉ አስተኝተው በኤም አር አይ እየተመሩ እንደሚሰሩ፣ ነቅቶ መቆየት ግዴታ እንዳልሆነ አስተካከለ። ሌላ ሰው መሃል ገብቶ ማይክል ጄ ፎክስም ዲቢኤስ አለው አለ፣ እሱ እንኳን ትክክል አይደለም፣ ተዋናዩ በ1998 ያደረገው የድሮውን፣ ታላመሱን የማቃጠሉን ኦፕራሲዮን ነው። ሚኒያፖሊስ ያለች ልጅ ግን እውነተኛውን አመጣች፣ የሚኒሶታ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ተጫዋቹ ሮጀር ፍሪሽ ማዮ ክሊኒክ ውስጥ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ቫዮሊኑን እየተጫወተ ነው ሽቦው የተቀመጠለት። የሱ ግን ፓርኪንሰን ሳይሆን ኤሴንሻል ትሬመር የሚባለው፣ እጅ ሥራ ላይ ሲሆን የሚንቀጠቀጥበት በሽታ ነው።

ቁጥር 8 ባዮሜዲካል ኢንጂነር ነው፣ ስለ ዕቃው የሱን ያህል ማንም አልጻፈም። ሽቦው ውፍረቱ 1.27 ሚሊሜትር ነው፣ ጫፉ ላይ አራት መገናኛዎች አሉት፣ አዲሶቹ ደግሞ የተከፋፈሉ ስለሆኑ ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ ጎን ማዞር ይቻላል። ከጭንቅላት ተነስቶ በጆሮ ጀርባ፣ በአንገት፣ ከቆዳ ስር ወርዶ ደረት ላይ ካለው ባትሪ ይገናኛል። በብዛት የሚሰጠው በሰከንድ 130 ጊዜ ያህል ነው፣ እያንዳንዱ ምት 60 ማይክሮሰከንድ። ባትሪው ሁለት ዓይነት ነው፣ ቻርጅ የማይደረገው ከ3 እስከ 5 ዓመት ቆይቶ በትንሽ ኦፕራሲዮን ይቀየራል፣ ቻርጅ የሚደረገው 15 ዓመትና ከዛ በላይ ይሄዳል ግን ሰውየው በየጊዜው ቻርጀሩን ደረቱ ላይ አድርጎ መቀመጥ አለበት። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአንጎሉን ምልክት እያነበበ ራሱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የሜድትሮኒክ (ማሽኑን ከሚሰሩት ኩባንያዎች አንዱ) አሰራር አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል።

ቻርጅ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ነው ጉድ የፈላው። ከቁጥር 9 እስከ 13 ያለው በሙሉ ስለ መብራት መጥፋት ነው፣ አንዱ ሰፈሩ መብራት የሄደበትን ጊዜ ይቆጥራል፣ አንዷ ጄኔሬተር ትሸጣለች፣ አንዱ ሶላር ያማክራል። መሃል ላይ ኢንጂነሩ በትዕግስት ተመልሶ ቻርጀሩ ራሱ ባትሪ እንዳለው፣ አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ ማሽኑ እንደማይቆም ነገራቸው። የሰማው የለም።

ቁጥር 14 የሚመስለኝ ሐኪም ናቸው፣ አልተናገሩም ግን አጻጻፋቸው የሐኪም ነው፣ ቀጥ ያለና ቁጣ ያለበት። ሁላችሁም ስለ ሽቦ ታወራላችሁ፣ ሰውየው ፓርኪንሰን መሆኑን ማን አረጋገጠ ነው ነገራቸው። ፓርኪንሰን የሚመስሉ ሌሎች በሽታዎች አሉ፣ ገና ከመጀመሪያው የሚያስወድቁ፣ ዓይን ወደ ታች እንዳያይ የሚያደርጉ፣ ከተቀመጡበት ሲነሱ የደም ግፊትን የሚጥሉ፣ እነዛ ላይ ዲቢኤስ አይሰራም። ለአእምሮ ህመም የሚሰጠው ሃሎፔሪዶልና ማስመለስን ለማስቆም የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም ፓርኪንሰን መሳይ ነገር ያመጣሉ፣ መድኃኒቱ ሲቆም ብዙ ጊዜ ይተዋል፣ ግን ሰው ፋርማሲ ሄዶ ሳይጠይቅ ይገዛዋል። ደግሞ ዲቢኤስ የማይነካቸውን ዘርዝረዋል፣ ንግግር፣ መዋጥ፣ ሚዛን መጠበቅ፣ ማስታወስ። ንግግር እንዲያውም ሊብስ ይችላል። መርሳት የጀመረ ሰው ከሆነ መጀመሪያ የማስታወስ ፈተና ይሰጠዋል፣ ከወደቀ ብዙውን ጊዜ አይደረግለትም። እኔ ስለ አባዬ የማውቀውን ጻፍኩላቸው፣ ክኒኑ ሲገባ ከሞላ ጎደል ደህና እንደሚሆን፣ ስሞችን እንደማይረሳ፣ የደንበኞቹን የወገብ ልክ እንኳን ከነዓመቱ እንደሚያስታውስ። እንግዲያው ሊታይ የሚገባው ሰው ነው አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም።

ቁጥር 15 ባቄላ ነው። እሸት ባቄላ ውስጥ ሌቮዶፓ አለ፣ ምን ህንድ ያስኬዳል፣ ሰላሌ ሂዱ ይላል። የሚገርመው የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፣ ቁጥር 16 እንደጻፈችው ሌቮዶፓ ከባቄላ ተለይቶ የወጣው በ1913 ነው። ግን ባቄላ ውስጥ ካርቢዶፓ (ክኒኑ ውስጥ ከሌቮዶፓው ጋር ተደባልቆ የሚጠብቀው መድኃኒት) የለም፣ ካርቢዶፓው ከሌለ አብዛኛው ሌቮዶፓ አንጎል ሳይደርስ ተለውጦ ያልቃል፣ ማስመለስ ያመጣል፣ በዛ ላይ አንድ ጭብጥ እሸት ውስጥ ስንት እንዳለ ማንም አያውቅም፣ ክኒኑ ላይ ሲደረብ መወራጨቱን ያብሰዋል። አባዬ በፍልሰታ እሸት ሲበላ ለምን እንደሚብስበት አሁን ገባኝ ማለት አልፈልግም፣ ምናልባት ነው፣ ግን ለእማዬ ነግሬያታለሁ። ከዚህ ተነስቶ ወሬው ወደ ምግብ ዞረ፣ ሽሮም ሥጋም ፕሮቲን ስለሆነ ከሌቮዶፓው ጋር አንጀት ላይም አንጎል መግቢያ ላይም ይሻማል፣ ስለዚህ ክኒኑ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ነው የሚዋጠው። ይሄ ብቻ የአባዬን ከሰዓት ትንሽ አሻሽሎታል፣ በነጻ።

ቁጥር 19 ላይ ነው ነገሩ የከበደው። አባታቸውን ውጭ አገር ወስደው ያስደረጉ ሰው ናቸው፣ አገሩንም ሆስፒታሉንም አልጠቀሱም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ኦፕራሲዮኑ በደንብ ነው የሄደው አሉ። ሽቦው እንደገባ ማሽኑ ሳይበራ እንኳን ሰውየው ቀለል አላቸው፣ ሽቦው ቦታውን ትንሽ ስለሚነካካው የሚመጣ ለውጥ ነው፣ ይጠፋል። ያበሩላቸው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ አስተካክለው፣ ሪሞት ሰጥተው ወደ አገራቸው ሸኟቸው። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ዲቢኤስ አንዴ ገብቶ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ የመጀመሪያው ስድስት ወር በሙሉ ኃይሉን እየጨመሩ ክኒኑን እየቀነሱ መመላለስ ነው፣ እያንዳንዱ ኩባንያ ደግሞ የራሱ ማስተካከያ ታብሌት አለው፣ የአንዱ የሌላውን አይከፍትም። እሳቸው ከተማ ውስጥ የሚከፍት አልነበረም። አንድ ቀን ጠዋት አባታቸው አልጋ ላይ ደርቀው ተገኙ፣ መናገር አቃታቸው፣ ሪሞቱ ምን እንደሚል የገባው ሰው የለም፣ ክኒኑ ደግሞ በግማሽ ተቀንሷል። በዊልቸር አውሮፕላን አስገብተው መልሰው ወሰዷቸው፣ ባትሪው ነው ያለቀው፣ ኃይሉ ከፍ ተደርጎ ስለነበር ከተነገራቸው ጊዜ በፊት አለቀ። ይሄን ቀድሞ የነገራቸው አልነበረም። ሆስፒታሉን ሳይሆን ራሳችሁን ጠይቁ፣ ሰውየው ከተመለሰ በኋላ ማን ነው የሚያስተካክለው፣ መልስ ከሌላችሁ ትኬት አትቁረጡ አሉ። ወንድሜን ዝም ያሰኘው ይሄ መልስ ነው።

ቁጥር 20 እንዳትፈሩ ብሎ ገባ፣ ከ2021 ወዲህ አንዱ ኩባንያ በቪዲዮ ከርቀት ማስተካከል የሚቻልበት ነገር አውጥቷል። ቁጥር 21 ወዲያው ቆረጠው፣ ያ የሚሰራው ማሽኑ የዛ ኩባንያ ከሆነ፣ ሐኪሙም እዛ አገር ላለ በሽተኛ እንዲሰራ ከተፈቀደለትና ኢንተርኔቱ መሃል ላይ ካልሄደ ነው፣ ስለዚህ ከመግዛት በፊት በጽሑፍ ይጠየቅ። ትክክል ነው የሚመስለኝ።

ቁጥር 23 የሚዋኝ ካለ ያንብብ ብሎ ነው የጀመረው። በ2019 ዙሪክ ያሉ ሐኪሞች ዲቢኤስ ከተደረገላቸው በኋላ መዋኘት የጠፋባቸው 9 ሰዎችን ጉዳይ አወጡ። አንዱ እግሩም እጁም በደንብ ይንቀሳቀስ ስለነበር ተማምኖ ሐይቅ ውስጥ ዘለለ፣ ቤተሰቡ ባያወጣው ሰጥሞ ነበር። ከመሃላቸው ሦስቱ ማሽኑን ሲያጠፉት መዋኘቱ ወዲያው ተመለሰላቸው፣ ግን ሌላው ስለባሰባቸው መልሰው አበሩት። እጅና እግር እየሠራ ዋናው ብቻ እንዴት እንደሚሄድ እኔ እስካሁን አልገባኝም። ቁጥር 24 አባትሽ ልብስ ሰፊ ነው እንጂ ዓሣ አጥማጅ አይደለም ብሎ ሳቀ፣ የባሕር ዳር ልጆች መጡ፣ ጣና ላይ ማን ይበልጥ ይዋኛል የሚል ክርክር ሆነ፣ ዘልዬዋለሁ።

ቁጥር 29 ባለቤቷን ያስደረገች ሴት ናት። የጻፈችው ለሁላችን አይደለም፣ ለኔ ነው የሚመስለው። እጁ ቆሟል፣ አረማመዱ ተስተካክሏል፣ ግን ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ ትላለች፣ ሌሊት አይተኛም፣ በስልክ የማያስፈልግ ዕቃ ያዛል፣ ስትከለክለው ይቆጣል። ሐኪሙ ጋ ሄደው ከአራቱ መገናኛዎች ታችኛውን ትተው ወደ ላይኛው ሲያዛውሩለት ረጋ አለ። ከዛ በኋላ ደግሞ ክኒኑ በጣም ሲቀነስ ሌላ ነገር መጣ፣ ምንም የማይፈልግ፣ ለልጆቹ ልደት እንኳን ከሶፋ የማይነሳ። ቁጥር 30 ይሄ የማሽኑ ሳይሆን የነፕራሚፔክሶል (ሌላ የፓርኪንሰን ክኒን) ጣጣ ነው፣ ዲቢኤስ እንዲያውም ክኒኑን ስለሚያስቀንስ ያሻሽለዋል ብሎ ተከራከራት፣ እሷም ባሌን ከኔ በላይ አታውቀውም አለችው። እንደ እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው፣ የክኒኑም የማሽኑም አለ፣ ለዚህ ነው ከኦፕራሲዮኑ በፊትም በኋላም የሥነ አእምሮ ሐኪም የሚያየው።

ቁጥር 33 ቁጥር 3 ራሱ ነው፣ ተመለሰ። መጀመሪያ የሰደበውን ትቼ የያዘውን ወረቀት ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ወረቀቱ እውነተኛ ነው። በ2009 አሜሪካ ውስጥ 255 በሽተኞች ላይ የወጣ ጥናት ነው፣ 121ዱ ዲቢኤስ፣ 134ቱ ጥሩ የመድኃኒት ክትትል። ከስድስት ወር በኋላ ዲቢኤስ ያላቸው ውስጥ ከመቶ 40 ከባድ የሚባል ችግር ገጥሟቸዋል፣ መድኃኒት ብቻ የወሰዱት ላይ ግን ከመቶ 11 ነው፣ አንድ ሰው ደግሞ አንጎሉ ውስጥ ደም ፈሶ ሞቷል። ቁጥር 4 ጥናቱን እስከ መጨረሻው ለምን አላነበብክም አለው፣ እዛው ላይ ዲቢኤስ የተደረገላቸው ሰዎች ሳይደርቁና ክፉኛ ሳይወራጩ የሚያሳልፉት ሰዓት በቀን በ4.6 ሰዓት ሲጨምር መድኃኒት ብቻ የወሰዱት ላይ ምንም አልጨመረም፣ ከባድ ከተባሉት ችግሮች አብዛኞቹም ታክመው አልፈዋል። ከዚህ በኋላ ሁለቱ የተባባሉትን አልጽፍም። አንድ ጋሼ የሚባሉ ሰው ገብተው ልጆች ይሄ የሰው አባት ጉዳይ ነው ብለው ገሰጿቸው፣ ቁጥር 3 ወጣ። ቢሰድብም ያንን ቁጥር ያመጣው እሱ ብቻ ነው፣ እኔ ለእማዬ ስነግራት ሁለቱንም ቁጥር ነው የነገርኳት።

ቁጥር 38 ሳይበሱ በአልትራሳውንድ ይሰራል አይደል ብሎ ጠየቀ። አለ፣ ለኤሴንሻል ትሬመር በ2016 ነው አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው፣ ኋላ ለፓርኪንሰንም። ግን ሳይበሳ የሚያቃጥል ነው፣ የተቃጠለ አይመለስም፣ እንደ ዲቢኤስ ቀንሱልኝ ጨምሩልኝ የለም። ቀዳዳ የለውም መባሉን እማዬ ወዳዋለች፣ ባትሪም ማሽን ማስተካከልም አለመፈለጉን ወንድሜ ወዶታል። የአባዬ ችግር ሁለቱም ጎን ላይ ስለሆነና ዋናው ችግሩ መንቀጥቀጥ ሳይሆን መድረቅ ስለሆነ እኔ ገና አልተዋጠልኝም።

ቁጥር 41 የተደረገለት ቤተሰብ ላላቸው ነው፣ የኤርፖርት በር ላይ ካርዱን አሳይቶ በእጅ መፈተሽ፣ ሱቅ መግቢያ ላይ ያለው የሌባ መያዣ በር መሃል አለመቆም (የድሮዎቹን ማሽኖች ያጠፋቸው ነበር)፣ ኤም አር አይ ከመነሳት በፊት የማሽኑን ሞዴል መንገር። ዲያተርሚ የሚባለው ሰውነትን በሞገድ ከውስጥ የሚያሞቅ ህክምና ግን በምንም ተዓምር እንዳይደረግለት፣ አንድ በሽተኛ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ተደርጎለት ሽቦው ጫፍ ላይ በተፈጠረው ሙቀት አንጎሉ ክፉኛ ተጎድቷል። ፊዚዮቴራፒ ቤት የሚወስድ ሰው ይሄን በወረቀት ጽፎ ይያዝ።

አሁን ያለንበት ይሄ ነው። ወንድሜ አባዬን ሁለት ጊዜ ቪዲዮ ቀርጾታል፣ ጠዋት ከክኒኑ በፊትና ከክኒኑ አንድ ሰዓት በኋላ፣ ሁለቱም ላይ ጣቱን እያጋጨ፣ ከወንበር እየተነሳ፣ በመጨረሻም መርፌ ላይ ክር እየሰካ (ይሄን አባዬ ራሱ ነው የጨመረው)። ህንድ ላሉ ሁለት ማዕከላት ተልኳል። ከዋጋው በፊት የጠየቅናቸው ከተመለሰ በኋላ ማን፣ የት፣ በየትኛው ማሽን እንደሚያስተካክልለትና ባትሪው ቻርጅ የሚደረግ መሆን አለመሆኑን ነው። አንዱ የዋጋ ዝርዝር ብቻ ላከ። ሌላው በጽሑፍ መልሷል፣ ለስድስት ወር እዛው አጠገብ ቤት ተከራይታችሁ ቆዩ ይላል፣ እማዬ አብራ እንድትሄድ ቪዛዋን እየጠየቅን ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ የተገጠመለትን ማሽን የሚያስተካክልለት ያገኘ ሰው ካለ የማሽኑን ኩባንያ ጭምር ከቁጥር 44 ቀጥሎ ይጻፍልኝ፣ ስለ መብራት የሚጽፍ ግን ሌላ ክር ይክፈት።